ስንት ድስት ነው የምትጥዱት? የግንፍሌዋ ቤት ደላላ ሪቪው

ሰላም ሰላም፣ ቤት ፍለጋ ላይ ላላችሁ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ይረዝማል አስቀድሜ ነገርኳችሁ። ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5ቱ 4 እሰጣታለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩባት ወደ ታች ላይ አወራለሁ፣ ቂም ይዤባት አይደለም ግን ዝም ብዬም አላልፋትም።

መጀመሪያ እኛ ምን አይነት ቤተሰብ እንደሆንን ልንገራችሁ፣ የነገሩ መነሻ እሱ ስለሆነ። አራት ነን። እኔ፣ እማዬ፣ የእህቴ ልጅ (6 ዓመቱ ነው፣ እናቱ ቤሩት ናት፣ አባቱን ተዉት) እና ከደብረ ብርሃን መጥታ ስድስት ኪሎ የምትማር የአጎቴ ልጅ። ቀበና ጊቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ተከራይተን 7 ዓመት ኖርን። የአከራያችን ልጅ ሊያገባ ሆነና "ልጄ ቤቱ ሊያስፈልገን ነው፣ ቀስ ብላችሁ ፈልጉ" አሉን። ምን ይባላል፣ አልተጣላንም፣ እንደውም ለሰርጉ ሽንኩርት የከተፍነው እኛ ነን። ግን ቀስ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም፣ የፒያሳው ሰፈር 2016 ላይ በኮሪደር ልማቱ ተነሳ፣ ካዛንቺስ 2017 መግቢያ ላይ ተከተለ፣ መሀል ከተማ ተከራይቶ ይኖር የነበረ ሰው አንድ ላይ ቤት ፈላጊ ሆነ፣ አራት ኪሎ ዙሪያ የቀረችው ቤት ደግሞ ዋጋዋ ለኛ አይደለም። ስለዚ ወደ ዳር። አያት፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የማናውቀው ሰፈር ስም በአንድ ወር ውስጥ ሁሉም አፋችን ገባ፣ ህፃኑ ራሱ ባቡር ጨዋታ ሲጫወት "አያት ወራጅ አለ" ማለት ጀመረ።

ከሷ በፊት የሞከርኳቸውን ደላሎች ባጭሩ ልበላችሁ። አንዱ በቴሌግራም አግኝቼው ለማሳያ ብሎ 500 ብር በቴሌብር አስላከኝ፣ ሄደን ስናይ ቤቱ ሰው ገብቶበት ምንጣፍ ተነጥፎ ልጆች ቲቪ ያያሉ፣ እኛ በር ላይ ቆመን ይቅርታ ጠይቀን ተመለስን። ሌላው ገና ሄሎ ስለው "ባለትዳር ነሽ?" አለኝ፣ አይ ስለው ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተዘጋ፣ ኔትወርክ መስሎኝ መልሼ ደወልኩ ኪኪኪ። አከራዮቹ ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። አንዷ ልጅ ያለው ተከራይ ውሃ ይጨርሳል አለች። አንዱ ተማሪ ካለች ጓደኛ ታግተለትላለች አለ። አንዱ ሴቶች ብቻችሁን ከሆናችሁ ወንድ ይመላለሳል አለ (እማዬ እዛው ቆማለች፣ 68 ዓመቷ ነው)። አንዷ እንደውም እማዬን አይታ "እንግዲህ እናትሽ ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የሆነ ነገር ቢፈጠር..." ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። በአጭሩ አራታችንም እያንዳንዳችን ለየብቻችን ቤት የምናስከለክል ነን፣ አንድ ላይ ስንሆንማ አስቡት። ሰሚት ያሉ አንድ ሰውዬ ደግሞ እንዲ ተባባልን፦

"ባለቤትሽ የት ነው የሚሰራው?"
"ባለቤት የለኝም ጋሼ።"
"እና ኪራዩን ማነው የሚከፍለው?"
"እኔ ነኛ!"
"አይ እሱማ ይሁን፣ ግን ማለቴ ዋናው ከፋይ ማነው?"

ምን ብዬ ልመልስ፣ ወጣሁ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው የቢሮ ጓደኛዬ ስለሷ የነገረችኝ። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርዱ ግንፍሌ ድልድዩ ሳይደረስ አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፣ ከሷ ጎን ሰማያዊ ጥላ ስር ፕላስቲክ ወንበር ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ቢሮ የለ፣ ታፔላ የለ፣ ሁለት ስልክ (አንዱ የድሮ ባለ ቁልፍ) እና ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ወፍራም ደብተር። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ መነፅሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። ሴት ደላላ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ቡና ጠጪ መስላኝ ደላላዋ የት አለች ብዬ ራሷን ጠየቅኳት።

ቁጭ አልኩ። ሌላው ደላላ መጀመሪያ ባጀትሽ ስንት ነው ይላል፣ እሷ ግን መነፅሯን አደረገች፣ ደብተሩን ገለጠች፣ እስክሪብቶዋን ምራቅ ነካ አደረገችና "ስንት ድስት ነው የምትጥዱት?" አለችኝ።

"ምን አሉኝ እትዬ?"

"ድስት። ቤታችሁ በቀን ስንት ቦታ ነው ወጥ የሚሰራው? ሁላችሁም ከአንድ ድስት ነው የምትበሉት ወይስ ለየብቻ?"

"አንድ ነው። እማዬ ትሰራለች ሁላችንም እንበላለን።"

"በቃ አንድ ቤት ናችሁ" አለችና 4/1 ብላ ጻፈች። አራት ሰው አንድ ድስት። ከጎኑ ጥያቄ ሳትጠይቀኝ "ከፋይ፦ ሴት ልጅ" ብላ ጨመረች። ዋናው ከፋይ ማነው የለ ምን የለ።

እዚጋ ትንሽ ከርዕስ ልውጣ፣ እኔ ስራዬ ዳታ ማስገባት ነው፣ የጥናት ፎርም ሲመጣ ኮምፒውተር ላይ የምለቅመው እኔ ነኝ፣ እና የሴትዮዋ ጥያቄ ያስደነገጠኝ ለዛ ነው። የስታትስቲክስ ሰዎች "ቤተሰብ" ብለው የሚቆጥሩት እኮ በስጋ የተዛመደውን አይደለም፣ አንድ ቤት ውስጥ እየኖረ አብሮ አብስሎ የሚበላውን ነው። ዘመድ ቢሆንም ባይሆንም። ሴትዮዋ ይሄን ከየትም አላነበበችውም፣ እሪ በከንቱ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው ያደገችው፣ ትርፍ ቤት በአዋጅ 47/1967 ተወርሶ አንዱ ጊቢ ለስድስት ለሰባት ቤት ሲሸነሸን እዛ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር መለየት የሚቻለው በድስት ብቻ ነበር አለችኝ። መኝታው አንድ፣ ግድግዳው ማዳበሪያ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ድስቱ ግን የየራስ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በ1999ኙ ቆጠራ (ከዛ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም) አዲስ አበባ ውስጥ 2,739,551 ሰው እና 662,728 ቤተሰብ ነው የተቆጠረው። ስልካችሁን አውጥታችሁ አካፍሉት፣ 4.13 ይመጣል። አራት ሰው! እኛ ነን እኮ! የአዲስ አበባ አማካይ ቤተሰብ ማለት በቁጥር ቢሆን እኛ ነን፣ ግን አከራዩ አራት ሲባል ጭንቅላቱ ውስጥ የሚመጣለት አባት እናት ወንድ ልጅ ሴት ልጅ ነው፣ ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀለው። ይሄን ሳስብ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስቄ ሰው ዞሮ አየኝ።

እሺ ወደ ደብተሩ። ደብተሩን አላሳይም ትላለች ግን ስታገላብጠው ያያችሁትን አይታችኋል፣ እኔም ሶስት ቀን እዛ ቡና ስጠጣ ብዙ አየሁ ብዙም ሰማሁ (ይሄ ራሱ ችግር ነው፣ እመጣበታለሁ)። ቤቱን በሰፈር ወይም በዋጋ አይደለም የከፋፈለችው፣ ሰዉን ነው የከፋፈለችው፣ ቤቶቹን ከሰዉ ስር በእርሳስ ትጽፋለች፣ ሲያዝ ታጠፋለች።

የመጀመሪያው ክፍል "ሙሉ" ይላል። ባል ሚስት ከነልጆቻቸው። አከራይ በሙሉ ደውሎ እነዚን አምጪልኝ የሚላት ናቸው፣ እሷ ግን ገፁን በጣቷ እየለካች "ይቺን ታክላለች፣ የሚፈልጋቸው አከራይ ግን እንደ አሸዋ ነው፣ ከየት ላምጣ" ትላለች። ደግሞ ሙሉ የተባለው ሙሉ ሆኖ አይቆይም። ከሱ ቀጥሎ "አዲስ" የሚለው አለ፣ አዲስ ተጋቢዎች፣ እነዚ ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ነው የሚይዙት፣ በዓመት ከመንፈቁ ሚስት ትወልዳለች፣ የሚስት እናት አራስ ልታርስ ከክፍለ ሀገር ትመጣለች፣ ትመጣለች እንጂ አትመለስም፣ ህፃኑ ያድጋል ሞግዚት ይፈለጋል፣ ስለዚ አራት አዋቂ አንድ ህፃን በአንድ መኝታ፣ ከዛ ለሴትዮዋ ይደወላል። "አዲስ ያስገባሁትን በሁለት ዓመቱ ራሴው አወጣዋለሁ" ትላለች፣ ለሷ ሁለት ኮሚሽን ነው እንግዲህ።

"ስልክ" የሚለው ክፍል ምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም። የቤቱ ኃላፊ ስልክ ውስጥ ያለበት ማለት ነው። አረብ አገር ያለች ልጅ ገንዘቡን ትልካለች፣ እዚ አያት ከልጅ ልጆች ጋር ወይም አክስት ከእህት ልጆች ጋር ይኖራሉ። ቤት ሲታይ በኢሞ ቪዲዮ ነው የሚታየው፣ ሴትዮዋ ስልኩን ይዛ ትዞራለች፣ ካሜራውን ወደ ሽንት ቤቱ ወደ ኩሽናው ታዞራለች፣ ከዛኛው በኩል "ቧንቧውን ክፈቺልኝ እስቲ ውሃ አለ?" የሚል ድምፅ ይመጣል። የኛም ቤት ግማሹ እዚ ክፍል ውስጥ ነው፣ እህቴ የልጇን ትምህርት ቤት የምትከፍለው ከቤሩት ነው፣ ደሞዟ ሲዘገይ እኛ ጋ ወጡ ይቀጥናል፣ ግን በየትኛው ፎርም ላይ ነው እሷ የቤታችን ሰው ተብላ የምትጻፈው? እንጃ። ሴትዮዋ ጋ ግን ተጽፋለች፣ 4/1 ካለችው ጎን ትንሽ የስልክ ስዕል አድርጋባታለች።

ከዛ "ላጤ" አለ፣ ወንደላጤና ሴተላጤ ለየብቻ። ወንደላጤዎቹ 3/0 ተብለው ነው የተጻፉት፣ ሶስት ሰው ዜሮ ድስት። ሴተላጤዎቹ ጋ 3/1ም 3/3ም አለ፣ 3/3 ከሆነ ቶሎ ይጣላሉ አለችኝ፣ ፍሪጅ ውስጥ ስም የተጻፈበት ቲማቲም ሲጀመር ቤቱ አለቀ ማለት ነው። "ሁለት እናት" የሚል ገፅም አየሁ፣ ባል የሌላቸው ሁለት ሴቶች ከነልጆቻቸው ተዳብለው ባለ ሁለት መኝታ የያዙ፣ አንዷ ሌሊት ፈረቃ ስትሰራ ሌላዋ ሁሉንም ልጆች ታሳድራለች። እነሱ ጋ ድስቱ አንድ ነው። በደም አይዛመዱም፣ ልጆቹ ግን ሁለቱንም እናቶች እማዬ ነው የሚሉት አሉ።

"ደባል" የሚለው ገፅ ላይ ድምጿ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከፈረሱት ሰፈሮች የመጡ ናቸው። ቤቱ በስማቸው የነበረው ምትክ አግኝተዋል፣ እሷ ጋ አይመጡም፣ እሷ ጋ የሚመጡት እዛ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር ተዳብለው የኖሩት ናቸው፣ የወንድም ሚስት፣ ያገባ ልጅ፣ 20 ዓመት ጓዳ ተከራይታ እንጀራ የጋገረች ሴት። እና የሚጠይቁት ነገር አከራይ የማይገባው ነገር ነው፣ "ከነጎረቤቴ" ይላሉ። ሶስት አሮጊቶች አንድ ደረጃ ላይ ሶስት ስቱዲዮ ፈልጊልን ብለዋት ስድስት ወር ሙሉ ስትፈልግላቸው ነበር፣ ሁለቱን አንድ ብሎክ አስገብታ ሶስተኛዋን ማዶ ብሎክ አስገባች፣ ማዶ ያለችዋ አሁንም ትደውልባታለች፣ "ቡና ሲጠሩኝ አይሰማኝም" እያለች።

እና ምን ለማለት ነው፣ የኮንዶሚኒየም ቤቶቹ ሲሰሩ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሶስት ተብለው ነው፣ 20/80ም በሉት 40/60 መኝታ ነው የሚቆጠረው። ሰው ደግሞ በመኝታ አይቆጠርም። ገርጂ የመጀመሪያው የሙከራ ኮንዶ በ1996 አካባቢ ሲሰራ ጀምሮ ይሄው ነው፣ ባለ ሁለት መኝታ ማለት አንዱ ለባልና ሚስት አንዱ ለልጆች። አያትን የት ታስተኛለህ፣ የአጎት ልጅ የት ታጠናለች፣ ሰራተኛ የት ትተኛለች፣ ምጣድ የት ይቀመጣል (ለሱማ ኮሚናል የሚባለው የጋራ ቤት ተሰርቷል፣ ባሰብነው ልክ የሚጠቀሙበት ብሎክ ግን ብዙ አላየሁም)። ሳሎን ለመኝታ፣ በረንዳ ለኩሽና፣ ኮሪደር ለቁምሳጥን፣ ሁሉም ቤቱን በራሱ ልክ ቆርጦ ይሰፋዋል።

አሁን ሰርቪሷን ልናገር፣ ሪቪው አይደል። ቅዳሜ ጠዋት ራሷ ይዛን ሄደች፣ ከአራት ኪሎ መገናኛ በታክሲ ከዛ እስከ አያት በባቡር፣ የራሷን ሂሳብ ራሷ ከፈለች፣ ማሳያ የሚባል ነገር አልጠየቀችም። ሌሎቹ ደላሎች ራይድ አስጠርተው በኔ ሂሳብ ነበር የሚንፈላሰሱት። ባቡሩ ከተጀመረ መስከረም 2008 ጀምሮ እኔ እስከ አያት ሄጄ አላውቅም ነበር፣ እማዬ መስኮት ጋ ተቀምጣ "ይሄ ሁሉ ከተማ ከየት መጣ" ስትል ነበር።

የመጀመሪያው ቤት አራተኛ ፎቅ ነበር። ሊፍት የለውም። እማዬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቆመች፣ ሴትዮዋ እኛ ምንም ሳንላት "ይሄ አይሆንም፣ እንውረድ" አለች፣ ቤቱን እንኳን አላየነውም። ተናዳ "ጉልበት ያላቸው ሰዎች ናቸው ብሎ ማን ነገረኝ" እያለች ደብተሯ ላይ 4/1 ከሚለው ጎን "ጉልበት" ብላ ጨመረች። እኔ እንግዲህ ይሄን መጀመሪያ ብትጠይቀን ኖሮ እላለሁ።

ወርደን ብሎኮቹ መሀል ቆምን፣ እዛ ያየሁትን አልረሳም። ቅዳሜ ስለሆነ ውሃ መጥቷል፣ ስለዚ በረንዳው በሙሉ ልብስ ተሰጥቷል፣ ከታች ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል፣ ልጆች በሮቶው ስር ብይ ይጫወታሉ። ሴትዮዋ ቀና ብላ የተሰጣውን ልብስ ማንበብ ጀመረች፣ እንደ ጋዜጣ። "ያቺን እያት፣ ሶስት የወንድ ሸሚዝ፣ አንሶላ የለም፣ ላጤዎች ናቸው። ያቺ ሶስተኛዋ፣ የህፃን ጨርቅና ባለ ጥበብ ነጠላ፣ አራስ አለች፣ እናትየው መጥታለች። ከሷ ጎን ደግሞ እይ፣ ሶስት ዩኒፎርም፣ ሶስቱም ቀለማቸው ለየቅል፣ የአንድ እናት ልጆች ቢሆኑ አንድ ትምህርት ቤት ነበር የሚማሩት፣ እነዚ የተለያየ እናት ልጆች ናቸው አንድ ቤት ያሉት።" ልክ ትሁን አትሁን አላውቅም፣ ዩኒፎርሞቹ ግን እውነትም አንዱ ወይን ጠጅ አንዱ አረንጓዴ አንዱ ሰማያዊ ነበሩ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ በረንዳ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሁለተኛው ቤት ግራውንድ ነው፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ ሱቅ አጠገቡ። ባለቤቷ እጣ የወጣላት ሴት ናት (ከእጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ እንደሚያዝ ታውቃላችሁ)፣ ስራዋ መሀል ከተማ ስለሆነ እሷ ሽሮ ሜዳ እናቷ ጋ ነው የምትኖረው፣ ቤቱን አከራይታ የባንክ ዕዳዋን ትከፍልበታለች። እሷም እንደተለመደው "ባለቤትሽስ?" ብላ ጀመረች። ደላላዋ አላስጨረሰቻትም፣ "አራት ሰው አንድ ድስት ናቸው፣ ከፋይዋ እቺ ናት፣ አንድ ቤት ውስጥ 7 ዓመት የተቀመጡ ናቸው፣ የድሮ አከራያቸውን ላገናኝሽ" አለችና በዛች ባለ ቁልፍ ስልክ እዛው ደወለች። የቀበናው አከራያችን በስልኩ ውስጥ ያወራው ነገር ለኔ አልተሰማኝም፣ አከራይዋ ግን ሁለት ጊዜ ሳቀች፣ ስትዘጋው "ሽንኩርቱን ነገሩኝ" አለች። ቤቱ የኛ ሆነ።

ውሉ ላይ ደግሞ ልመስክርላት። የኪራይ አዋጁን (1320/2016) ከብዙ ህግ አዋቂ ነኝ ባይ በተሻለ ታውቀዋለች፣ ውል በጽሁፍ፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት፣ አድቫንስ ከ2 ወር አይበልጥም፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በስልክ ይከፈል። አከራይዋ የስድስት ወር አድቫንስ ብላ ጀምራ ነበር፣ ደላላዋ ሳትጣላ ሳትጮህ "እቴ ህጉ ሁለት ነው ያለው፣ ለምን ነገ እንጠራጠር" ብላ አስጨረሰችው። ኪራዩ 20,000 ነው፣ ሁለት ወር 40,000 ከፈልን። ለሷ የአንድ ወሩን 10 በመቶ፣ 2,000 ብር፣ ከአከራይዋም እንደዛው። ሌሎቹ የአንድ ወር ሙሉ ኪራይ ነበር የጠየቁኝ። ፎርሙ ላይ "የቤተሰብ ኃላፊ" የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እማዬን አየኋት፣ እሷ ደግሞ "ምን ታዪኛለሽ፣ ፈርሚ፣ ፀሐይ ገባ" አለችኝ።

አሁን የቀነስኩት ኮከብ። አንደኛ ስልክ አታነሳም፣ ሁለት ስልክ ይዛ ሁለቱንም አታነሳም። ሁለተኛ ወሬ። የሰው ቤት ታሪክ ቡና ላይ ትዘረግፋለች፣ ስም አትጠራም እሺ፣ ግን ለኔ የሌሎቹን ካወራች የኔን ለሌሎቹ እንደምታወራ ማወቅ ነው፣ አሁን ይሄኔ የሆነ ሰው ፊት "አንዲት ነበረች፣ እህቷ ቤሩት..." እያለች ይሆናል። ሶስተኛና ዋናው፣ ውሃው። "ውሃ አለ" አለችን፣ አለ እውነቷን ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነው ያለው፣ ቅዳሜ ያሳየችን ለዛ ይሆን ብዬ እስካሁን እጠረጥራለሁ። ሮቶ ለመግዛት ያልጠበቅነው ወጪ ወጣብን። ስጠይቃት "ፈረቃ ያልሆነ የት አለ ልጄ" አለች፣ ልክ ናት ግን ቀድማ ልትነግረኝ ይገባ ነበር።

ደግሞ አንድ ያልወደድኩላት ነገር አለ። እዛ ቁጭ ብዬ ሳለ ያልተጋቡ ወንድና ሴት መጡ፣ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል፣ እሷ "ባልና ሚስት ነን በሉ፣ ቀለበት አድርጋችሁ ኑ፣ ያለዛ አልወስዳችሁም" አለቻቸው። የቤተሰብ ህጉ (213/1992) እኮ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩትንም ያውቃቸዋል፣ ይሄን ብነግራት "ህጉ ያውቃቸው፣ አከራይ አያውቃቸውም" አለችኝ። ድስት ብቻ ነው የምትቆጥረው ብዬ ሳደንቃት ቆይቼ ቀለበት ስትቆጥር ደስ አላለኝም። ወንደላጤዎችንም ታጉላላለች፣ ሶስት ወር የሚጠብቁ አሉ፣ ወንድሞቼ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።

አሁን ከገባን ሶስት ወር ሆነን። ለሚ ኩራ ነዋሪ ነን እንግዲህ፣ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተሰራው 11ኛው ክፍለ ከተማ። መንገዱ ይገላል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ካልወጣሁ ቢሮ አረፍዳለሁ፣ የአጎቴ ልጅ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ሁለት ታክሲ። እማዬ ግን ከኔ በፊት ሰፈሩን ለመደች፣ ግራውንድ መሆናችን ጠቀማት፣ የብሎኩ እድር ውስጥ ገብታለች። እድሩ የሚመዘግበው በአባወራ ነው፣ ጸሐፊው ሊመዘግቡን መጥተው አባወራ የሚለውን ቦታ ሲያዩ ግራ ገባቸው፣ እማዬ ሻይ እያቀረበች "አባወራ የለንም፣ እማወራ አለን፣ ስራ ሄዳለች ማታ ትመጣለች" ብላቸው ቆየችኝ። ሰረዝ አድርገው በላዩ ላይ እማወራ ብለው ጽፈዋል፣ እስክሪብቶ ቀለሙ ለየት ይላል።

መሄድ የምትፈልጉ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ በ12 እና በ21 አትገኝም፣ ሚካኤልና ማርያም ናት። የመታወቂያ ኮፒና የድሮ አከራያችሁን ስልክ ያዙ፣ ደረጃ የማይወጣ ሰው ካላችሁ ሳትጠይቃችሁ ንገሯት፣ ስለ ውሃ ሁለት ጊዜ ጠይቋት። በቀደም ሳልፍ መንገዱ ስለተቆፈረ ሰማያዊው ጥላ ከቦታው ተነስቷል፣ ማዶ ግንብ ስር ነው ያለችው፣ ካጣችኋት ቡና የምታፈላዋን ልጅ ጠይቋት፣ አብረው ነው የተሻገሩት።